የጭዳ ዶሮ ሳይፈለግ፦ ከሂንዱና ከቡድሂስት ጋር አንድ ክፍል ለምትኖሩ

ዱባይ ውስጥ ስድስት ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድቻለሁ። ከስድስቱ አራቱን የኖርኩት በአንድ ክፍል ነው። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር፣ አንድ መስኮት። ሦስታችን ኢትዮጵያውያን ነን፦ እኔ፣ አንዲት የጎንደር ልጅ፣ አንዲት ጴንጤ። አራተኛዋ ኬንያዊት ናት። አምስተኛዋ ከኔፓል የመጣች ሂንዱ። ስድስተኛዋ ከስሪላንካ የመጣች ቡድሂስት፤ አልጋዋ ከኔ በላይ ነበር። ኔፓላዊቷን "ዲዲ"፣ ስሪላንካዊቷን "አካ" እንላቸው ነበር። በየቋንቋቸው "ታላቅ እህት" ማለት ነው። የኛ "እትዬ" በሉት።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። አዲስ የሚሄዱ ልጆች ግን ይደውሉልኛል። ስለ ደመወዙ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሙቀቱ ይጠይቁኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ክፍላችን ውስጥ ጣዖት የምታመልክ ሴትዮ አለች፣ ምን ላድርግ?" ይሉኛል። ይኸው፣ በየስልኩ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው። ግማሹን ያወቅሁት ተሳስቼ ስለሆነ ስሕተቴንም አብሬ አስገባለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚያ የለመድኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ ዕቃዋን እወቁት

አካ ሎከሯ ላይ ከጣት ብዙ የማትበልጥ የቡድሃ ምስል ነበራት። ከፊቱ ትንሽ ብርጭቆ ውኃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በባትሪ የሚበራ ሻማ። እውነተኛ ሻማ በአኮሞዴሽኑ ክልክል ነው። እጇ ላይ ነጭ ክር ታስራለች። ማታ ማታ አንድ ዘንግ ሰንደል ታጨሳለች።

በመጀመሪያው ሳምንት እኛ ሦስታችን ተሰብስበን ፈረድን። ክሩ ድግምት ነው። ሰንደሉ የመንፈስ መጥሪያ ነው። ውኃው ምን እንደሆነ ብቻ አልተስማማንም። ይህን ሁሉ ያወራነው ቡና አፍልተን፣ ዕጣን አጭሰን ነው። እኔና የጎንደሯ ልጅ ደግሞ አንገታችን ላይ ማተብ አለ። አንዳችንም ልብ አላልንም።

ክሩ "ፒሪት ኑል" ይባላል። መነኮሳት ጸሎት ሲያደርሱ ክሩን ይዘውት ይቆያሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ እየቆረጡ ለምእመናን እጅ ላይ ያስሩላቸዋል። ለጥበቃ ነው። ውኃውም አበባውም ለቡድሃ ክብር የሚቀርብ ነው። አበባው ሲጠወልግ "እኔም እንዲሁ አልፋለሁ" ብለው እንዲያስቡ ነው። "ታዲያ የፕላስቲኩ መች ይጠወልጋል?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ነውሩ ቀላል ነው፣ ግን እወቁት። ምስሉን አትንኩ። አጠገቡ ጫማም የውስጥ ልብስም አታስቀምጡ። እግራችሁን ወደሱ ዘርግታችሁ አትቀመጡ። ጀርባ ሰጥታችሁት ሰልፊ አትነሱ። ሰንደሉ ካፈናችሁ "መስኮት ልክፈት?" በሉ፤ "አጥፊው" አትበሉ። ኤምሬትስ ውስጥ ሃይማኖት መስደብ ከ2015 ጀምሮ ራሱን በቻለ ሕግ በእስርና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑንም አትርሱ። "ጣዖት አምላኪ" ብሎ በዋትስአፕ መላክ ቀልድ አይደለም።

ከዲዲ ጋር ዋናው ጉዳይ ድስት ነው። የበሬ ሥጋ ሂንዱ አይበላም፤ በአገሯ ላም ማረድ በሕግ ክልክል ነው። ቋንጣ ያማሰለ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ አይገባም። ይህን ካከበራችሁ የጾም ምግባችን ያስታርቃችኋል። የምስር ወጣችን ከሷ ዳል የሚለየው በበርበሬው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ዲዲ ከኛ እኩል ደስ ይላት ነበር።

ስለ ዳግም መወለድ ስትጠይቁ

እኔ የጀመርኩት በቀልድ ነው። አንድ እሑድ ዶሮ ወጥ ሠርተን አካ አልበላም አለች። ሙሉ ጨረቃ ነበር። በስሪላንካ የሙሉ ጨረቃ ቀን "ፖያ" ይባላል፤ በየወሩ የመንግሥት በዓል ነው፣ መጠጥ አይሸጥም፣ አጥባቂዎቹ ነጭ ለብሰው ይውላሉ። እኔ ይህን አላውቅም። "ምነው፣ ዶሮዋ አያትሽ እንዳትሆን ፈራሽ?" አልኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አያቷ ከሞተች አራት ወሯ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ስለዚህ በእምነቱ አትጀምሩ። በልቅሶ ጀምሩ። "እናንተ ጋ ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። የማትመልስ የለችም።

አካ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ሰፈሩ መንገዱን ነጭ ባንዲራ ይሰቅልበታል። ለቀስተኛው ነጭ ይለብሳል። መነኮሳቱ ሲያዜሙ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ አንድ ማንቆርቆሪያ በጋራ ይይዛል። ሳህን ላይ የተቀመጠች ስኒ ውስጥ ውኃ ያንቆረቁራሉ፤ ሞልታ እስክትፈስ። ዜማው "ወንዝ ሞልቶ ባሕርን እንደሚሞላ፣ እዚህ የተሰጠው ለሄደው ይድረሰው" እንደ ማለት ነው። ከዚያ በሰባተኛው ቀን ለመነኮሳት ምግብ ይቀርባል። በሦስት ወር ይደገማል። በዓመቱ ይደገማል። እየነገረችኝ በእጇ የሌለ ማንቆርቆሪያ ይዛ ታዘነብል ነበር።

እኔም የኛን ነገርኳት። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። "ታዲያ እናንተም ትልካላችኋ?" አለችኝ። "ምን?" "ለሞተው።" መልስ አላገኘሁላትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማውራት ጀመርን።

ስትጠይቁ ቃሉ ራሱ ያደናግራችኋል። እኛ ጋ "ዳግም ልደት" ሲባል ጥምቀት ነው፣ ኒቆዲሞስ ነው። ጴንጤዋ ልጅ አንድ ማታ ለዲዲ ልትመሰክር ተነሳችና "አይ አም ቦርን አጌን" አለቻት። ዲዲ በአድናቆት አየቻት። "ከዚህ በፊት ምን ነበርሽ?" አለቻት። ኬንያዊቷ ከአልጋዋ ልትወድቅ ደረሰች።

ሌላው ስሕተታችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንድ ቀን እኔ ልብስ ሳጣጥፍ ዲዲና አካ ሲከራከሩ ሰማሁ። ዲዲ ከቅርጫቱ አንድ ዩኒፎርም አነሳች። ነፍስ ማለት ይህን እንደምታወልቅና አዲስ እንደምትለብስ ሴት ናት አለች። በባጋቫድ ጊታ ሁለተኛ ምዕራፍ ያለ ምሳሌ ነው። የማትሞተው ነፍስ "አትማን" ትባላለች፤ ሥጋ እንደ ልብስ ያረጃል፣ እሷ ትቀጥላለች። ቁጥሩም አላቸው። የፍጥረት ዓይነቱ 8.4 ሚሊዮን ነው ይላሉ፤ ነፍስ በዚያ ሁሉ ታልፋለች።

አካ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ልብስ የሚቀይር የለም" አለች። ቡድሂስቶች የማትለወጥ ነፍስ አለች አይሉም። ታዲያ ምን ይወለዳል? አካ በባትሪ ሻማዋ ልታስረዳኝ ሞከረች፤ ባትሪ ግን ለዚህ አይመችም። ምሳሌው የቆየ ነው፤ መነኩሴው ናጋሴና ለንጉሥ ሚሊንዳ የነገረው ነው። ከአንድ ኩራዝ ሌላ ኩራዝ ስትለኩስ እሳቱ ተሻገረ? ያው እሳት ነው? ሌላ ነው? ያውም አይደል፣ ሌላም አይደል። የሠራኸው ሥራ የሚቀጥለውን ይለኩሳል። ይህን ሳታውቁ ቡድሂስቷን "ነፍስሽ ወዴት ትሄዳለች?" ብትሏት ጥያቄው ራሱ የዲዲ እንጂ የሷ አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት የኔ ነበር። ተመልሶ መወለድ ደስ የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ሁለተኛ ዕድል። "እኔ ብሆን ሀብታም ቤት እወለድ ነበር" አልኳት። አካ የታከተች ሆና አየችኝ። ለነሱ መልሶ መላልሶ መወለድ ወጥተው ሊገላገሉት የሚፈልጉት አዙሪት ነው። ሂንዱዎች መውጣቱን "ሞክሻ" ይሉታል፣ ቡድሂስቶች "ኒርቫና"። ሰው ሆኖ መወለድም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። ስለ ዔሊዋ የነገረችኝ ያኔ ነው። አንዲት ዓይነ ስውር ዔሊ ውቅያኖስ ውስጥ ትኖራለች። በመቶ ዓመት አንዴ ብቅ ትላለች። ላዩ ላይ ነፋስ የሚያንገላታው አንድ ቀዳዳ ያለው ቀንበር ይንሳፈፋል። ዔሊዋ ብቅ ስትል አንገቷ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባበት አጋጣሚ ምን ያህል ነው? ሰው ሆኖ መወለድ ከዚያ ይብሳል። "ይህን አግኝተሽ ሽንት ቤት ታጥቢያለሽ" ብላ ራሷ ሳቀች።

"ካርማ" የሚለውን ቃል ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ "ዋጋውን አገኘ" ለማለት ይጠቀምበታል። ቃሉ ግን "ሥራ" ማለት ነው። የኛ "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" ይቀርበዋል። የሚቀጥለውን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ገንዘብ የጠፋ ቀን

2018 ሊያልቅ ሲል ነው። የጎንደሯ ልጅ 1,700 ድርሃም ጠፋባት። ለናቷ የምትልከው ነበር። ሎከሯን ገለበጠችው፣ ፍራሹን ገለበጠችው። ከዚያ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ አንድ አልጋ አየን።

ማንም ስም አልጠራም። ግን እኔ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ "ሰንደሉን የምታጨሰው ሲያሸልበን ይሆናል" አልኩ። ለቀልድ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ማታ ክፍሉ ሁሉ ይህንኑ ያወራ ነበር። የጎንደሯ ልጅ አያቷ ስለ ሸክላ ሠሪዎች የነገሯትን አመጣች። ቤተ እስራኤሎቹ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ "ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ይባሉ ነበር። ቀን ማሰሮውን ከነሱ ይገዛል፣ ሌሊት በራቸው አጠገብ አይታለፍም። ልጅቷ ይህን ያመጣችው "እንዲህ ዓይነት ሰው አለ" ለማለት ነው። ዛሬ ሳስበው ግን የኛን ክፍል ነው የተረከችው።

ኬንያዊቷ ብቻ "ማን አየ?" አለች። ዝም አሰኘናት።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሯ መጣች። አካን ቁማ "ኢንቲ ሺል ፉሉስ?" አለቻት፤ ገንዘቡን ወስደሻል? አካ አንገቷን ወዲህና ወዲያ አወዛወዘች። የዚያ አካባቢ ሰዎች ሲያወሩ እንደሚያወዛውዙት። "እሺ" ሊሆን ይችላል፣ "ሰማሁሽ" ሊሆን ይችላል፣ "እንጃ" ሊሆን ይችላል። እኛ "አመነች" አልን። ያን ቀን ፍራሿን አሸክመው ሌላ ክፍል አዛወሯት። የቡድሃውን ምስል በሻርፕ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋ ወጣች። አምስት ሆነን ቆመን አየናት።

ለዚህ ነው አሁን ለሚደውሉልኝ ልጆች የኬንያዊቷን ጥያቄ በቅድሚያ የምሰጣቸው። ማን አየ? "ይባላል" አይበቃም። በኦክቶበር 2021 ባንግላዴሽ ኩሚላ ከተማ የሂንዱዎች የዱርጋ በዓል ላይ ቁርኣን በሃኑማን (የዝንጀሮ መልክ ባለው አምላካቸው) ጣዖት ጉልበት ላይ ተገኘ። ፎቶው በፌስቡክ ተሠራጨ፤ በየከተማው የሂንዱ ቤቶችና ቤተ መቅደሶች ተጠቁ፣ ሰው ሞተ። የደኅንነት ካሜራው ሲታይ ቁርኣኑን ያስቀመጠው ሂንዱ አልነበረም። ካሜራው እዚያው ነበር። የቸኮለ ሕዝብ ግን ካሜራ አያይም።

ሁለተኛ፣ የጠፋው በርግጥ ጠፍቷል? ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ የተጠየቀችው በሚገባት ቋንቋ ነው? ይህን ጥያቄ በደንብ የተረዳሁት ስለ አምፓራ ካነበብኩ በኋላ ነው። አምፓራ በአካ አገር ያለች ከተማ ናት። በፌብሩዋሪ 2018 አንድ ሲንሃላ (የአገሩ ብዙኃን ናቸው፣ አብዛኞቹ ቡድሂስት) ደንበኛ በሙስሊም ምግብ ቤት ወጡ ውስጥ ጓል አገኘ። "ሴቶቻችንን የሚያመክን መድኃኒት ነው" ብሎ ጮኸ። ሕዝብ ተሰበሰበ። ባለቤቱ ታሚልኛ ተናጋሪ ነው፤ ሲንሃልኛው ደካማ ነው። "አድርገሃል?" ሲሉት ስለ ዱቄቱ የጠየቁት መስሎት "አዎ" የሚመስል ነገር ተንተባተበ። በስልክ ተቀረጸ። ምግብ ቤቱም የከተማው መስጊድም ተሰባበረ። ወጡ በመንግሥት ላቦራቶሪ ሲመረመር ጓሉ ዱቄት ነበር። ቪዲዮው ግን ቀድሞ ሄዷል። ሳምንት ሳይሞላ ካንዲ አጠገብ ዲጋና ላይ፣ ከሙስሊም ወጣቶች ጋር በመንገድ ተጣልቶ የተደበደበ አንድ ሲንሃላ ሾፌር ሞተና የሙስሊም ቤቶችና ሱቆች ነደዱ። መንግሥት ፌስቡክን ዘጋ። ኩባንያው ራሱ በ2020 ላበረከተው ድርሻ ይቅርታ ጠይቋል።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በቃሉ ተፈረደበት፣ አካ በአንገቷ።

አራተኛው ጥያቄ የሚያሳፍረው ነው። ገንዘቡ የጠፋው ማተብ ካሰረችው ጋር ብቻ በምንኖርበት ክፍል ቢሆን ማንን እንጠረጥር ነበር? አገር ቤት ለዚህ ቃል አለን። ጭዳ። ዶሮውን በሕመምተኛው ራስ ላይ ያዞሩታል፣ ያርዱታል፤ ሕመሙ አብሮት ይሄዳል ተብሎ። ዘሌዋውያን 16 ላይ ያለው ፍየልም እንዲሁ ነው። ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበታል፣ ወደ ምድረ በዳ ይሰዱታል። ዶሮውም ፍየሉም ያጠፉት ነገር የለም። የተመረጡት ስለተገኙ ነው። እኛም ሱፐርቫይዘሯ "ሎከር ያልቆለፈ ይቀጣል" እንዳትል ፈርተናል። አህያውን ፈርተን ዳውላውን መታን።

"በቀድሞ ሕይወትሽ ሌባ ነበርሽ ይሆናል"

ዲዲ አካን ልታጽናና ሄዳ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። "በቀድሞ ሕይወትሽ ሌባ ነበርሽ ይሆናል፤ አሁን ተመለሰብሽ፣ ቻይው" አለቻት። አካ የጮኸችው ያን ቀን ብቻ ነው። በኛ ላይ ሳትጮህ በዲዲ ላይ ጮኸች።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ካርማን የተማረ እንግዳ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ይህ ነው። የተበደለን ሁሉ "የራሱ ሥራ ነው" ማለት ይቀናዋል። ቡድሃ ግን ሲቫካ የሚባል ሰው "የሚሰማን ሁሉ ካለፈው ሥራ የመጣ ነው ይላሉ፤ አንተስ?" ብሎ ሲጠይቀው አልተስማማም። ሐሞት አለ፣ አክታ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የአየር ለውጥ አለ፣ ድንገተኛ ጉዳት አለ፤ የሥራ ፍሬ ከስምንቱ ምክንያቶች አንዱ ነው አለው። ሌላ ቦታ ደግሞ ዕድሜ ማጠርን፣ ሕመምንና ድህነትን ከቀድሞ ሥራ ጋር ያያይዛል። ሁለቱም አሉ። ስለዚህ አንዱን ጠቅሳችሁ ሰው አትገሥጹ።

በሕንድ ይህ ክርክር የሚሊዮኖች ኑሮ ነው። "ዝቅተኛ ጎሣ የተወለድከው ባለፈው ሕይወትህ ስላጠፋህ ነው" የሚባል ሰው ዛሬ የሚገፋው ማን እንደሆነ መጠየቅ አይችልም። የሕንድ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ኮሚቴውን የመሩት፣ ራሳቸው "የማይነኩ" ከሚባሉት የተወለዱት አምቤድካር ይህን አልቀበል ብለው ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂስት ሆኑ። የቀድሞ ሕይወት ሥራ የዛሬን መከራ ያብራራል የሚለውን ትርጉምም ከቡድሃ ትምህርት አውጥተው ጣሉት።

ቡድሂዝም ራሱም አላመለጠም። በ2017 ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ሲሸሹ፣ አገሪቱ ውስጥ እጅግ የሚከበሩት መነኩሴ ሲታጉ ሳያዶ ለወታደራዊ መኮንኖች ስብከት ሰጡ። የጠቀሱት የስሪላንካን ጥንታዊ ዜና መዋዕል ነው። ንጉሥ ዱቱጋሙኑ በጦርነት ስለገደላቸው ሰዎች ሲጸጸት፣ መነኮሳቱ "የገደልከው አንድ ሰው ተኩል ነው" ብለው ያጽናኑታል፤ አንዱ ቡድሃን መጠጊያዬ ያለ፣ ግማሹ የቡድሃን ትእዛዛት የጠበቀ። ሌላው እንደ ሰው አይቆጠርም። ይህን ለአካ ሳነብላት "ተኩል?" ብላ ጠየቀችኝ። ደገመችው። "ተኩል ሰው እንዴት ነው?"

እኛስ? ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የጠየቁት "ኃጢአት የሠራ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?" ብለው ነው። ገና ሳይወለድ! ጌታ "እሱም ወላጆቹም አይደሉም" አላቸው። ይህን ለዲዲ ነገርኳት፤ "ጥያቄው የኛ ነው" አለች።

የተበደለችው ስትበድል

አካ ቅድስት አይደለችም። ኤፕሪል 21 ቀን 2019 የፈረንጅ ፋሲካ ዕለት ኮሎምቦና ሌሎች ከተሞች ውስጥ አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎች ላይ ጽንፈኛ ሙስሊም አጥፍቶ ጠፊዎች ከ250 በላይ ሰው ገደሉ። አካ ሌሊቱን ስልክ ላይ አደረች። ለኛ ክርስቲያኖቹ አለቀሰችልን። በግንቦት ግን ቋንቋዋ ተለወጠ። "ከነሱ ሱቅ አትግዙ" ማለት ጀመረች። ከኩሩኔጋላ ነው የመጣችው። እዚያ አንድ ሙስሊም ሐኪም አራት ሺህ ቡድሂስት ሴቶችን በድብቅ አመከነ ተብሎ ጋዜጣ ጻፈ። አካ አመነች። በኋላ ማስረጃ አልተገኘም፤ ሐኪሙ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዲዲም በ2020 እንዲሁ። በኮሮና ተዘግተን ሳለን ቪዲዮ ይላክላታል፤ ሙስሊሞች ፍራፍሬ ላይ ሲተፉ የሚል። በማርች ደልሂ፣ ኒዛሙዲን ሰፈር የተብሊግ ጀመዓ (የሙስሊም ሰባኪዎች ማኅበር) ስብሰባ ላይ በሽታው ተገኝቶ "ኮሮና ጂሃድ" የሚል ወሬ ሕንድን አጥለቅልቋት ነበር። በኦገስት የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት በውጭ አገር ተሰብሳቢዎቹ ላይ የቀረበውን ክስ ሰረዘው። መቅሰፍት ሲመጣ ፖለቲከኛ መንግሥት የጭዳ ፍየል ይፈልጋል፣ እነዚህም ለዚያ ሳይመረጡ አልቀሩም አለ። በስሪላንካ ደግሞ በኮሮና የሞተ ሙስሊም ሁሉ በግድ ይቃጠል ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት መቅበር ይቻላል እያለ። እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ቆየ፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው።

እንዲህ ስትሆን አትስበኩባት። "አንቺም ተደርጎብሽ አልነበር?" አትበሉ፤ እኔ ብያት ተዘጋችብኝ። የሚሠራው ያው ጥያቄ ነው፣ በቀስታ። "አካ፣ ከአራት ሺሁ አንዷን ታውቂያለሽ?" "አላውቅም።" "እህትሽ ታውቃለች?" ደወለች። እህቷም አታውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ሐኪሙ አላነሳችም። ከሱቃቸው መግዛቷን ግን አላየሁም።

ከበደላችሁ በኋላ

ገንዘቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተገኘ። የጎንደሯ ልጅ እናቷ የላኩላትን የበርበሬ ቆርቆሮ ልትጨርስ ማንኪያ ስትሰድ ፌስታል ነካች። ሎከሩን ስላላመነችው እዚያ ከታው ረስታዋለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እኔ አካን ኮሪደር ላይ ጠበቅኋት። ብቻዋን። "ይቅርታ" አልኳት። "ማፊ ሙሽኪላ" አለች፣ ችግር የለም። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ። "እዚህ አይደለም። ክፍል ውስጥ በይው" አለችኝ። ሲያስወጧት ማን ማን ቆሞ እንዳየ በጣቷ ቆጠረችልኝ። ሱፐርቫይዘሯን ጨምራ ስድስት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ስሟ በጠፋበት ቦታ፣ ስሟን ሲያጠፉ በነበሩት ሰዎች ፊት፣ በሚገባት ቋንቋ። "ተሳስተናል" አትበሉ፤ "እኔ ስለ ሰንደሉ እንዲህ ብያለሁ፣ ውሸት ነው" በሉ። እሷን ማንም ሳያዛት ዕቃዋን ተሸክማችሁ መልሱ። ፍራሹን እኔና ጴንጤዋ ያዝን። የቡድሃውን ምስል ማንም አልነካውም፤ እሷው አመጣችው፣ ቦታው ላይ አደረገችው፣ ብርጭቆውን ሞላችው።

አካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ገንዘቡ እፊቷ ይቆጠር አለች። ሱፐርቫይዘሯ ፌስታሉን ፈታች። እያንዳንዱ የብር ኖት ቀይ ሆኗል። አንድ፣ ሁለት ብላ ሦስተኛው ላይ አስነጠሳት። ከዚያ ኬንያዊቷን፣ ከዚያ ዲዲን። 1,700 እስኪሞላ ክፍሉ በሙሉ ዓይኑ አልቅሶ፣ አፍንጫው ቀልቶ ነበር። አካ አልጋዋ ላይ እግሯን አንጠልጥላ እስከ መጨረሻው አብራ ቆጠረች፣ በሲንሃልኛ።